ኪቡጽ ማደር ወይስ ኪቡጽ መኖር? ለተጓዥ የሚሆን የምርጫ መመሪያ

ለፋሲካ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የሚሄድ፣ ዘመድ ሊጠይቅ እስራኤል የሚገባ፣ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለሽርሽር ጎራ የሚል ሰው አንዳንዴ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ሁለት ሌሊት ኪቡጽ ማደር እፈልጋለሁ፤ የቱ ይሻላል?»

ኪቡጽ ማለት አባላቱ ሥራቸውንና ንብረታቸውን የጋራ አድርገው የሚኖሩበት የእስራኤል መንደር ነው። መልሱ ተጓዡ በሚፈልገው ነገር ይወሰናል። ጸጥ ያለ ክፍል፣ መዋኛና ደህና ቁርስ የሚፈልግ ሰው አንድ መንገድ አለው። ሰዎች ኑሯቸውን አንድ ላይ አድርገው እንዴት እንደሚኖሩ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ሁለቱ አንድ ቦታ የሚገኙት አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ፈልጎ የመጀመሪያውን ይይዛል። ከዚያ «ኪቡጽ ማለት ይሄ ነው እንዴ? ሆቴል አይደል እንዴ!» ብሎ ይመለሳል።

ስለዚህ ፎቶና ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ አባላቱ ዛሬም አንድ ላይ ይበላሉ? እኔ ይህን ጥያቄ ከማንኛውም ማስታወቂያ አስበልጣለሁ። ምክንያቱን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ድሮና ዘንድሮ

የመጀመሪያው ኪቡጽ ዴጋንያ ነው። በ1910 ዐሥር ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ የዮርዳኖስ ወንዝ ከጥብርያዶስ ባሕር ከሚወጣበት ቦታ አጠገብ፣ አብረው ማረስ ጀመሩ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳባቸው ለማስረዳት ቀላል፣ ለመኖር ከባድ ነበር። የግል ደመወዝ የለም። ሁሉም እንደ አቅሙ ይሠራል፣ የሚያስፈልገውን ከጋራው ያገኛል። መሬቱም፣ ላሙም፣ ቤቱም የሁሉም ነው። ትልቁን ነገር የሚወስነው የአባላት ጉባኤ ነው።

ይህ ኑሮ እስከ ካልሲ ድረስ ይወርድ ነበር። ልብስ የሚታጠበው በአንድ ማጠቢያ ቤት ስለሆነ እያንዳንዱ አባል ቁጥር ነበረው። ቁጥሩ በሸሚዙ ኮሌታ፣ በሱሪው ወገብ፣ በፎጣው ጫፍ ላይ ይሰፋል። ልብሱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ በየቁጥሩ መደርደሪያ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ይወስደዋል። ይህ አሠራር አሁንም ያለባቸው ኪቡጾች አሉ። ማጠቢያ ቤቱን እንድታዩ ከፈቀዱላችሁ እሺ በሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከሚሰጥ ገለጻ ይልቅ እነዚያ መደርደሪያዎች ብዙ ያስረዳሉ።

ልጆችም በአብዛኞቹ ኪቡጾች የሚያድሩት ከወላጆቻቸው ጋር አልነበረም። በልጆች ቤት ከእኩዮቻቸው ጋር ያድራሉ። ከአባትና እናታቸው ጋር የሚሆኑት ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ሰዓት ነው። ይህ ልማድ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቆይቶ ቀረ። እዚያ ካደጉት አንዳንዶቹ በፍቅር ያነሱታል፣ አንዳንዶቹ ቁስሉ እስካሁን አልሻረላቸውም። ከአንድ አዛውንት አባል ጋር ለመጨዋወት ዕድል ካገኛችሁ የእርሻውን ጉዳይ ትታችሁ ይህን ጠይቁ።

ከዚያ ገንዘብ መጣ። በ1980ዎቹ የአገሪቱ የዋጋ ንረት በዓመት በመቶዎች ፐርሰንት ደርሶ ነበር፤ ብዙ ኪቡጾችም ብድር ውስጥ ተዘፍቀው ነበር። በ1985 መንግሥት ንረቱን ለማቆም እርምጃ ሲወስድ ወለዱ ጣራ ነካ፣ ዕዳውም ከአቅም በላይ ሆነ። ወጣቱ ወደ ከተማ ፈለሰ። የቀሩት ቁጭ ብለው መከሩ። አብዛኞቹ ኪቡጾች እየተራ አሠራራቸውን ቀየሩ፤ ዴጋንያ ራሷ በ2007 ቀየረች።

ዛሬ ያሉት 270 ያህል ኪቡጾች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። በድሮው ዓይነት አባሉ ደመወዙን በሙሉ ለኪቡጹ ያስገባል፣ እንደ ቤተሰቡ ብዛት በጀት ይቀበላል፣ መኪና ሲያስፈልገው ከጋራው መኪና ተራ ይይዛል። እነዚህ ጥቂት ናቸው። በታደሰው ዓይነት አባሉ የሠራበትን ደመወዝ ራሱ ይወስዳል። ከዚያ ላይ አቅም ላነሰውና ለጡረተኛው የሚሆን የማኅበር ግብር ይከፍላል። ብዙዎቹ የታደሱ ኪቡጾች አጠገባቸው አዲስ ሰፈር ሠርተዋል። በዚያ ሰፈር የሚኖረው ሰው አባል አይደለም፤ ጸጥታውንና ትምህርት ቤቱን ወዶ የመጣ ነው። ስለዚህ በር ላይ «ኪቡጽ» ተብሎ ቢጻፍም ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የጋራ ኑሮ ይኖራል ማለት አይደለም።

ሌላም መታረም ያለበት ግምት አለ። ኪቡጽ እርሻ ብቻ አይደለም። የጠብታ መስኖን ለዓለም ያስፋፋው ኩባንያ በ1965 የተመሠረተው በኔጌቭ በረሃ ባለው ሐጼሪም ኪቡጽ ነው። የላቪ ኪቡጽ ለምኩራቦች ወንበርና መቀመጫ እየሠራ ወደ ውጭ አገር ይልካል። ከብቱንና ማሳውን ብቻ ጠብቃችሁ ሄዳችሁ ፋብሪካ ብታዩ አይግረማችሁ፤ ዛሬ ብዙዎቹን የሚያኖራቸው እሱ ነው።

መመገቢያ አዳራሹ ለምን መለኪያ ይሆናል?

በኪቡጽ መሃል ሰፊ መስክ አለ። ከመስኩ ጫፍ ትልቁ መመገቢያ አዳራሽ ይገኛል። ማስታወቂያ ሰሌዳው እዚያ ነው፣ የፖስታ ሳጥኑ እዚያ ነው፣ ጉባኤውም ሠርጉም እዚያ ነበር።

ጠዋት ብትገቡ ከላም በረት የወጣው ሰው ቦት ጫማውን እንዳደረገ ትሪ ይዞ ይሰለፋል። አጠገቡ የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከኋላዋ ጡረታ የወጡ አዛውንት። ቲማቲምና ኪያር ሳይከተፍ ይቀርባል፤ ሰው ሳህኑ ላይ ራሱ ደቀቅ አድርጎ ይከትፋል። ነጭ አይብ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ወይራ፣ ዳቦ አለ። ጠረጴዛው መሃል አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይቀመጣል፤ የእንቁላል ልጣጩ፣ የወይራ ፍሬው፣ የናፕኪኑ ቁራጭ እሱ ውስጥ ይጣላል። ሲያበቁ እያንዳንዱ ትሪውን ራሱ ወደ ማጠቢያው ይወስዳል። አስተናጋጅ የለም፤ ዳይሬክተሩም ይሰለፋል።

ብዙ የታደሱ ኪቡጾች ይህን አዳራሽ ዘግተዋል፣ ወይም ለምሳ ብቻ ይከፍታሉ፣ ወይም ለድግስ ያከራያሉ። ለምግቡ በካርድ መክፈል ሲጀመር ሰው ቤቱ ማብሰል ይመርጣል። አዳራሹ ሲዘጋ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያይበት ጊዜም ያንሳል። ለዚህ ነው ጥያቄውን አስቀድሙ የምለው። አዳራሹ ክፍት ከሆነና እንግዳም መብላት ከተፈቀደለት፣ ክፍሉ ጠበብ ቢልም ወደዚያ ሂዱ።

የኪቡጽ ሆቴል፦ ለቤተሰብና ለተሳላሚ

ለአብዛኛው አንባቢ የሚሆነው ይሄ ነው። ለሰዓታት ሲጓዝ ለዋለ፣ እናትና አባቱን ይዞ ለሚሄድ፣ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር ጋር ለሚጓዝ ሰው የኪቡጽ ሆቴል ጥሩ ማረፊያ ነው። ግቢው ሰፊና አረንጓዴ ነው፣ ለልጆች አያሰጋም፣ የከተማ ጫጫታ የለበትም። ዋጋው ግን ርካሽ አይደለም፤ በተለይ ሐሙስና ዓርብ ማታ ይንራል። እሑድ ወይም ሰኞ ገብታችሁ ብታድሩ ይቀላል። ለውጭ ቱሪስት የተጨማሪ እሴት ታክስ ይነሳ እንደሆነም ክፍል ስትይዙ ጠይቁ።

በገሊላ በኩል ጊኖሳርንና ዔይን ጌቭን ብዙ ሰው ያወዳድራል። ሁለቱም የተመሠረቱት በ1937 ነው፣ ሁለቱም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ናቸው። ጊኖሳር በምዕራብ ዳርቻ ነው፤ በወንጌል ጌንሴሬጥ የተባለው አገር ነው። በ1986 ድርቅ ውኃው ሲሸሽ ሁለት ሺህ ዓመት ያስቆጠረ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ከጭቃው ውስጥ የተገኘው እዚሁ አጠገብ ነው። ጀልባው ዛሬ በኪቡጹ ቤተ መዘክር ይታያል። ቅፍርናሆምና ሰባቱ ምንጮች ቅርብ ናቸው። ተሳላሚ ከሆናችሁ ያለ ብዙ ማሰብ ጊኖሳርን ያዙ። ዔይን ጌቭ በምሥራቅ ዳርቻ ነው። ዋናና ጀልባ ለሚወድ፣ ልጆች ላሉት ይሄ ይሻላል፤ ማታ ማታ ጥብርያዶስ ከማዶ እየበራች ትታያለች። ዓሣ ምግብ ቤቱም የታወቀ ነው።

ሰንበትን የሚያከብር ቤተሰብ ግን ወደ ላቪ ይሂድ። በ1949 የተመሠረተ ሃይማኖተኛ ኪቡጽ ነው። ዓርብ ፀሐይ ስትገባ ሁሉ ነገር ይቆማል፤ መኪና አይንቀሳቀስም፣ ስልክ ይዞ የሚዞር ሰው ግቢው ውስጥ አታዩም። ለሌላው ተጓዥ ይህ መታሰር ሊመስለው ይችላል። ሰንበትን በቤቱ የሚያከብር የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ግን ልጆቹን ይዞ በልቡ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ላቪ ቅዳሜን የሚያሳልፉበት እንጂ ቅዳሜ የሚደርሱበት ቦታ አይደለም፤ ዓርብ ከቀትር በፊት ግቡ።

ወደ ጨው ባሕር ከወረዳችሁ ምርጫው ዔይን ጌዲ ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ዓይንጋዲ የሚባለው ነው። ዳዊት ከሳኦል የተሸሸገበት፣ መኃልየ መኃልይ ስለ ወይን ቦታው የሚያነሳው። ኪቡጹ ራሱ የዕፀዋት ማሳያ ነው፤ አባላቱ የሚኖሩት በአትክልቱ መሃል ነው፣ ባኦባብ እንኳ አለ። በእግር ከሚደረስበት ሸለቆ ፏፏቴውን፣ ዋልያ የሚመስለውን የበረሃ ፍየልና ሽኮኮውን ታያላችሁ። ከኢየሩሳሌም ወደ ደቡባዊቷ ኢላት ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ከኪቡጹ በታች ባለው አውራ ጎዳና ያልፋል፤ መኪና ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዔይን ጌዲን ለመዋኘት ብላችሁ አትምረጡ። የጨው ባሕር በዓመት ከአንድ ሜትር በላይ እየወረደ ነው። ውኃው በሸሸበት መሬቱ ከሥር እየተቦረቦረ ድንገት ይደረመሳል። የዔይን ጌዲ የሕዝብ መዋኛ በዚህ ምክንያት ተዘግቷል። በባሕሩ ላይ መንሳፈፍ የፈለገ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዔይን ቦኬክ መንዳት አለበት። ከአጥሩ ባሻገር ያለው ዳርቻ አታላይ ነው። ምልክቱን አልፋችሁ ለፎቶ አትውረዱ።

ለጾመኛ አንድ ቃል። የኪቡጽ ሆቴል ቁርስ ወተት ወተት ነው፤ አይብ በየዓይነቱ ይደረደራል። በዐቢይ ጾም ወይም በሕማማት የምትሄዱ ከሆነ አትጨነቁ፤ ሑሙስ፣ ጣሂና፣ ወይራ፣ ሰላጣና ፍራፍሬ አይጠፋም። ክፍል ስትይዙ የእንስሳት ተዋጽኦ እንደማትበሉ በአንድ መስመር ጻፉ። ጠዋት ቁርስ ሳይበላ የሚውል ሰው ካለም ቁርሱን ቋጥረው እንዲሰጡት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወደ አራባ በረሃ፦ የጋራ ኑሮን ለማየት

ለእኔ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ከጨው ባሕር ወደ ኢላት በሚወርደው መንገድ በግራና ቀኝ ያሉት ትንንሽ ኪቡጾች እንደ ገሊላዎቹ የተሽቆጠቆጡ አይደሉም። ክፍሎቹ ተራ ናቸው። ግን ኑሮው አለ።

ቅጡራ ከኢላት ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1973 ከአሜሪካ በመጡ ወጣቶች ተመሠረተ፤ የጋራ አሠራሩን ይዞ ቆይቷል። ሃይማኖተኛውና ዓለማዊው አብረው ይኖሩበታል፤ በጋራው ቦታ ሰንበት ይከበራል፣ በየቤቱ እንደየሰው ነው። ከ1996 ጀምሮ እስራኤላውያን፣ ፍልስጥኤማውያንና ዮርዳኖሳውያን አብረው ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚማሩበት ተቋም እዚያ አለ። በ2011 የአገሪቱ የመጀመሪያው ለንግድ የሚሆን የፀሐይ ኃይል ማመንጫ የተከፈተውም እዚያው ነው። አንድ ዛፍ ደግሞ አለ። በማሳዳ ቁፋሮ ከተገኘ ሁለት ሺህ ዓመት ከሚሆነው የተምር ፍሬ በ2005 የበቀለ ነው፤ ማቱሳላ ይሉታል። ወንዴ ስለሆነ አያፈራም። በኋላ ግን በእሱ ብናኝ ሌላ የጥንት ዘር ዛፍ ፍሬ ሰጥታለች። አጥሩ ጋ ቆማችሁ ስታዩት ተራ ዘንባባ ነው፤ ታሪኩን ስታውቁ ግን ቶሎ አትሄዱም።

ሎታን በ1983 የተመሠረተ ነው። ከጭድና ከጭቃ በተሠሩ ክብ ቤቶቹና ስለ አካባቢ ጥበቃ በሚሰጠው ትምህርት ይታወቃል። በጭቃ ግንባታ፣ በአትክልት፣ ቆሻሻን መልሶ በመጠቀም ላይ እጁን ማስገባት ለሚወድ ወጣት ሎታን ከቅጡራ ይበልጥበታል። ሳማር ደግሞ የተለየ ነው። ማን መቼ ይሥራ የሚል መርሐ ግብር ሳያወጣ በእያንዳንዱ ሰው ሕሊና ላይ ተማምኖ የኖረ ኪቡጽ ነው። እንደ ሆቴል የሚታሰብ ቦታ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ ግን ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። በመንገዱ ላይ ያለው ዮትቫታ በወተት ፋብሪካው የታወቀ ነው፤ ቀዝቃዛ የቸኮሌት ወተት ጠጥቶ ማለፍ ይበቃል።

ችግሩ ሙቀቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቀኑ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይዘላል። በእነዚያ ወራት ትንሽ ልጅ ወይም አዛውንት ይዞ መሄድ አይመከርም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን ቀኑ ለስላሳ ነው፣ ሌሊቱም ኮከብ በኮከብ ነው።

ማደር ሳያስፈልግ፦ የአንድ ቀን ጉብኝት

ጊዜ ወይም ገንዘብ ላጠረው ሰው ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ዴጋንያን፣ ቀጥሎ ያለውን ኪኔሬትን፣ ከዚያ ያርደኒትን በግማሽ ቀን ማዳረስ ይቻላል። በዴጋንያ የመሥራቾቹ ግቢ አለ፤ በሩ ላይ በ1948 ጦርነት የቆመ የሶርያ ታንክ ይታያል። ያርደኒት ብዙ ተሳላሚ ነጭ ለብሶ በዮርዳኖስ የሚጠመቅበት ቦታ ነው። የሚያስተዳድረው የኪኔሬት ኪቡጽ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ቦታው የተከፈተው በ1981፣ ኢያሪኮ አጠገብ ያለው ጥንታዊው የጥምቀት ሥፍራ በወታደራዊ ክልል ውስጥ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ነው። ጥንታዊው ሥፍራ አሁን ተከፍቷል፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም እዚያ ገዳም አላት። ስለዚህ ጥምቀቱን ለበረከት የምትፈልጉ ወደ ኢያሪኮው ሂዱ። ያርደኒት ምቹና ንጹሕ ነው፤ ጌታ የተጠመቀበት ተብሎ ከጥንት ሲነገር የኖረው ሥፍራ ግን እሱ አይደለም።

በደቡብ ስዴ ቦኬር አለ። ዴቪድ ቤንጉርዮን በ1953 ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ለቅቆ የገባበት ኪቡጽ ነው። ትንሿ የእንጨት ቤቱ ከነመጻሕፍቱ እንዳለች ተጠብቃለች። ለአገር መሪ የሚሆን ቤት ምን ያህል ቢበቃው ነው የሚለውን እዚያ ቆሞ ማሰብ ነው። መቃብሩ ከቤቱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የጺን ምድረ በዳን ቁልቁል በሚያይ ገደል ጫፍ ላይ ነው። ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት ሂዱ።

በጎ ፈቃደኛ መሆን

ኑሮውን ከውስጥ ማየት የፈለገ ወጣት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለውም። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ከመላው ዓለም ብዙ መቶ ሺህ ወጣቶች በዚህ መንገድ አልፈዋል። ከዚያ በፊትም አሜሪካዊው ሴናተር በርኒ ሳንደርስ በ1963 ሻዓር ሃዓማቂም በሚባል ኪቡጽ ሠርቷል፤ የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰንም በ1984 በክፋር ሃናሲ ነበር።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ዕድሜ ከ18 እስከ 35። ቆይታ ቢያንስ ሁለት ወር። ክፍል (ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው ጋር)፣ ምግብ፣ የልብስ እጥበትና ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። ለምዝገባና ለኢንሹራንስ ራሳችሁ ትከፍላላችሁ። ምዝገባው የሚያልፈው ቴል አቪቭ ባለው የኪቡጾች የበጎ ፈቃደኞች ቢሮ በኩል ነው።

ሥራው ግን በፊልም እንደሚታየው ብርቱካን መልቀም ላይሆን ይችላል። ከ1990ዎቹ ወዲህ አብዛኛውን የእርሻ ሥራ የያዙት የታይላንድ ሠራተኞች ናቸው። በጎ ፈቃደኛው ብዙ ጊዜ የሚመደበው ወጥ ቤት፣ ሳህን ማጠቢያ፣ የሆቴል ክፍል ማጽዳትና አትክልት ላይ ነው። ላም በረት ከተመደባችሁ ዕድለኞች ናችሁ እላለሁ። የሌሊቱ ተራ ከባድ ነው፤ ሽታው ከልብስ አይለቅም። ግን ሰው ለሰው የሚነግረውን እውነተኛ ነገር የሚነግራችሁ አብሯችሁ ከንጋት በፊት ላም ያለበ አባል ነው።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤቶች በግልጽ መናገር አለብኝ። ለጉብኝትም ቢሆን ቪዛ አስቀድሞ ያስፈልጋችኋል፤ ለበጎ ፈቃደኝነት ደግሞ የተለየ ቪዛ አለ። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ኪቡጽ ውስጥ መሥራት ሕገ ወጥ ነው። በጎ ፈቃደኝነት ሥራ አይደለም፤ ቤተሰብ የሚረዳበት ደመወዝ የለውም። «ኪቡጽ ሥራ አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ አንድ ብር አትስጡት። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ለያዙና ያለ ቪዛ መግባት ለሚፈቀድላቸው ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ መውሰድ ግዴታ ሆኗል፤ ክፍያው 25 ሸቀል ነው።

ዕብራይስጥ መማር ለሚፈልግ ደግሞ የኪቡጽ ኡልፓን አለ። በአብዛኛው አምስት ወር ነው፤ ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ሥራ። ማዓጋን ሚካኤል በዚህ የታወቀ ነው። ከኢትዮጵያ የገባው ወገናችን በአብዛኛው ያለፈው አዲስ ገቢዎችን በሚቀበለው ማዕከል፣ በመርካዝ ክሊታ እንጂ በኪቡጽ ኡልፓን አይደለም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለሚመጣ ወጣት ግን ከተማ ክፍል ተከራይቶ ከመማር ይህ በጣም ይሻላል፤ ቋንቋውን ከክፍል ወጥቶ ወዲያው ይናገርበታል።

ሳይነገር የማይታለፍ

ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ከጋዛ ወሰን አጠገብ ያሉት በኤሪ፣ ኒር ዖዝ፣ ክፋር ዓዛና ሌሎች ኪቡጾች ጥቃት ደረሰባቸው። በኒር ዖዝ ከአራት ነዋሪ አንድ ያህሉ ተገድሏል ወይም ታፍኖ ተወስዷል። ከሊባኖስ ወሰን አጠገብ ያሉትም ከቤታቸው ወጥተው ወራት በሆቴል ኖረዋል፤ ከእነዚህ ሆቴሎች ውስጥ የኪቡጽ ሆቴሎችም ነበሩበት። እነዚህ መንደሮች የሐዘን ቤቶች ናቸው። በራሳችሁ መኪና እየዞራችሁ የተቃጠለ ቤት ፎቶ አታንሱ። መሄድ ካለባችሁ በአባላቱ ፈቃድ፣ አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ሂዱ። በየትኛውም ኪቡጽ ስታድሩ ደግሞ ክፍላችሁን እንደተረከባችሁ የቦምብ መጠለያው የት እንደሆነ ጠይቁ፤ የአገሪቱን የማስጠንቀቂያ መተግበሪያም ስልካችሁ ላይ ጫኑ።

የመሬቱም ታሪክ አለ። አንዳንድ ኪቡጾች የተተከሉት በ1948 ጦርነት ነዋሪዎቻቸው በወጡባቸው የፍልስጥኤም መንደሮች ላይ ወይም አጠገብ ነው። በሰሜን ያለው ሳሳ አንዱ ነው። በባርዓም ኪቡጽ አጠገብ የክፍር ቢርዒም መንደር ፍርስራሽና ቤተ ክርስቲያኑ ይታያል፤ የመንደሩ የማሮናይት ክርስቲያኖች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያ ይጸልያሉ። ኪቡጽን ሊያውቅ የሚሄድ ሰው ይህንንም አይቶ ቢመለስ ጥሩ ነው።

መቼ?

ዓርብ ከሰዓት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ አውቶቡስ የለም። መኪና ካልተከራያችሁ መግቢያና መውጫችሁን ከእሑድ እስከ ሐሙስ አድርጉት። ከቀኑ ስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ሰው ያርፋል፤ ልጆች በቤቶቹ መሃል እየጮሁ እንዳይሮጡ ያዙ። ጉብኝት የሚያስጎበኝ አባል ካለ የሚከፈለውን ከፍላችሁ ውሰዱ፤ ከሆቴሉ እንግዳ መቀበያ የማታገኙትን ወሬ እሱ ይነግራችኋል።

ቀን መምረጥ ከቻላችሁ ሻቩዖት የሚባለውን የአይሁድ የመከር በዓል ምረጡ። ከፋሲካቸው ሰባት ሳምንት በኋላ፣ በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ ይውላል። ትራክተሮቹ በስንዴና በአበባ አጊጠው ይሰለፋሉ፣ ልጆች ነጭ ለብሰው የአበባ ጉንጉን ይደፋሉ፣ የላም በረቱም ፋብሪካውም የዓመቱን ፍሬ ያቀርባል። በዚያ ዓመት የተወለዱ ሕፃናትም በወላጆቻቸው እቅፍ ወደ መድረክ ይወጣሉ። ብዙ ኪቡጾች እንግዳ ያስገባሉ። ጥቂት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ወደ ኪቡጹ ቢሮ ደውሉና በዓሉ በስንት ሰዓት እንደሚጀመርና መኪና የት እንደሚቆም ጠይቁ፤ ማደር ከፈለጋችሁ ግን ለዚያ ቀን ክፍል የሚያዘው ከወራት በፊት ነው።